የታጠበው እርሾ

ኖራ ጨርቁን አጥባ፣ በስታርች አጠንክራና በካውያ ተኩሳ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። ምስጋና ነበር የምትጠብቀው።

"እማማ፣ ሣጥንዎ ውስጥ የቆሸሸ ጨርቅ አግኝቼ አጠብኩልዎ።"

ሎቪሳ ክው አለች።

"የቆሸሸ? አንቺ ልጅ፣ እናቴን እኮ ነው ያጠብሽው!"

ሎቪሳ ከፊንላንድ ስትነሣ እናቷ የተልባ እግር ጨርቅ እርጎ ውስጥ ነክራ፣ አድርቃ፣ ጡቷ ሥር ሸጉጣላት ነበር። ሚሺጋን ደርሳ ወተት ውስጥ ስትነክረው ያ እንደ ማር የሚሳብ እርጎ ረጋላት። ከዚያ ወዲህ የሳህኑ ትራፊ ለነገው እርሾ ነው፤ ለክፉ ቀን ደግሞ አንድ ጨርቅ አድርቃ ታስቀምጣለች። ክፉው ቀን መጣ። ትናንት ልጇ ኤይኖ ከሚሠራበት የመዳብ ማዕድን ርቦት ገብቶ ሳህኑን በዳቦ ጠራርጎ በላው። ዛሬ ደግሞ ምራቷ በሳሙና ጨረሰችው።

"ከሱቅ እንገዛለና" አለች ኖራ። የአየርላንድ ልጅ ናት፤ አይፈረድባትም።

በአካባቢው ያ የእርሾ ዘር የቀረው የአገሯ ልጅ ጎረቤቷ ሳንትራ ቤት ብቻ ነው። የሰጠቻትም ራሷ ሎቪሳ ናት፣ ሳይጣሉ በፊት። በማዕድኑ አድማ ጊዜ ሳንትራ አድማውን ከመራው የሠራተኞች አዳራሽ፣ ሎቪሳ አድማውን ካወገዘው የቤተ ክርስቲያን ወገን ሆኑ። "ከሃዲ!" "የቄስ ምንጣፍ!" ተባባሉ። ከዚያ ወዲህ መንገድ ላይ ሲገናኙ ሁለቱም ሰማይ ሰማይ ማየት ነው።

ደግነቱ ቀኑ ቅዳሜ ነው። ቅዳሜ ሳውናው፣ የእንፋሎት መታጠቢያው፣ የሚጨስ ቤት ጎረቤት አይመልስም፤ እዚያ ውስጥ መጣላትም ነውር ነው። ሎቪሳ ፎጣዋን አንጠልጥላ ወደ ሳንትራ ሳውና ሄደች።

ሳንትራ ላይኛው መደብ ላይ ራቁቷን ተጎልታለች። ቀና ብላ አየቻትና የጋለው ድንጋይ ላይ አንድ ጭልፋ ውሃ ቸለሰች።

"ቄሱ ፈቀዱልሽ?"

"ለገላዬ ማንን አስፈቅዳለሁ? ይልቅ እሳትሽ እንደ አዳራሻችሁ ንግግር ነው፤ ጭስ ብቻ።"

ሳንትራ ደግማ ቸለሰች። የሎቪሳ ጆሮ ሊቀልጥ ደረሰ።

"ብርድ ብርድ አለኝ" አለች እንጂ ንቅንቅ አላለችም።

"ምን ፈልገሽ ነው?"

"ገላዬን ልታጠብ።"

"ይህን ሁሉ ዓመት ሳትታጠቢ ነው የኖርሽው?"

ሎቪሳ "ልጄ ሳህኑን ጠራርጎ በላው፣ ምራቴ እርሾዬን አጠበችው" አለች።

"ጨርቁን? አጠበችው?"

"ተኩሳዋለችም።"

"ስታርችም አድርጋበታለች በይኛ!"

"አድርጋበታለች።"

ሳንትራ ስትስቅ ከመደቡ ተንሸራታ ወረደች። ሎቪሳ መጀመሪያ ተቆጣች፤ ኋላ እሷም ሆዷን ይዛ ሳቀች።

ሲወጡ ሳንትራ አንድ ሳህን እርጎ ይዛ መጣች።

"ቅመሺ። የማን እንደሚበልጥ በአፍሽ ሳትናገሪ ግን አንድ ማንኪያ አትወስጂም።"

ሎቪሳ ቀመሰች። የእናቷ እጅ ነው፣ ያው ራሱ።

"ትንሽ ቀጥኗል" አለች፤ እንዲህ እያለች ሳህኑን እስከ ታች ላሰችው።

"አንቺ ሆዳም! ልጅሽ በማን ወጣ? አሁን ምን ልትወስጂ ነው?"

"ጓዳሽ ባዶ ነው?"

ሳንትራ እየተሳደበች ገብታ ሌላ ሙሉ ሳህን አመጣች፤ አልለቅም ብላም ቆመች። ሎቪሳ ሳህኑን ጎተተች፣ በሩን እያየች "ያንቺው ይበልጣል" አለች፣ ተቀብላም ፈረጠጠች።

በሚቀጥለው ቅዳሜ የሎቪሳ ሳውና ገና በጠዋት ጨሰ። ሳንትራ ፎጣዋን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ ብቅ ስትል ኖራ የጓዳውን በር ዘግታ ቆማ ነበር።

"ምን ትሠሪያለሽ አንቺ?"

"እርሾውን እጠብቃለሁ። ባሌም፣ ሳሙናም እንዳይገቡ ተብያለሁ።"