ብርቱካናማው ፍራሽ

እና ለማን ነው ሳንባዬን የማወጣው፣ ለያደታ፣ ከሰው ሁሉ ለያደታ፣ ባለሱቋ እትዬ ራቢአ ለሶላት ሲወጡ በሩ ላይ ቆም ብለው ያደታ የሚባል ልጅ ደውሎ ነበር አሉኝ፣ ሰው ተራራ የሚያስወጣ፣ ለመንገድ የሚቀል የሚነፋ ፍራሽ ይፈልጋል፣ ጥሩ ጥሩውን አሳዪው፣ ነጠላ ጫማቸውን እየጎተቱ ሄዱ፣ እኔ እዚህ ወለሉ ላይ ተንበርክኬ የፍራሽ አፍ በአፌ ይዤ ቀረሁ። ስሙን ሲጠሩት እሺ ብቻ አልኩ። ያደታማ ሞልቷል፣ ሰበታ ብቻ ስንት ያደታ አለ፣ ተራራ የሚያስወጣው ግን አንድ ነው፣ ተራራውን ያሳየሁትም እኔ ነኝ። ይምጣ። ይምጣ ብቻ።

ሁለቱን መርጫለሁ፣ ከመደርደሪያው ሁሉ የሚረቡት እነዚህ ናቸው፣ ሌላው ወይ ለመኪና ነው ወይ ለቆሎ ተማሪ። ብርቱካናማው ያምራል፣ አገሯ የምትገባ ፈረንጅ ናት ከነድንኳኗ ለእትዬ ራቢአ የሸጠችው፣ ሲጠቀለል የውሃ ኮዳ ያክላል፣ በእጅ ሲይዙት ምንም የያዙ አይመስልም። ግራጫው ወፍራም ነው፣ ትንሽ ይከብዳል፣ ሲገላበጡበት ፌስታል እንደጨበጡ ይንኮሻኮሻል፣ መልኩም የሐምሌ ሰማይ ነው፣ ግን ይይዛል፣ ማታ የነፋሽውን ጠዋት ታገኚዋለሽ፣ የመሬቱን ብርድም አያሳልፍም። ብርቱካናማው አይይዝም። ያስተነፍሳል። ጠርጥሬው ታች መንገድ ዳር ጎሚስታው ታመነ ጋ ወሰድኩት፣ ጎማ በሚነክርበት በርሜል እየገፋ ሲያጠልቀው ከአፉ ስር ቀጭን አረፋ፣ አንድ በአንድ፣ ቀስ እያለ፣ እንደ ምቀኛ። ይሄ አይለጠፍም እህቴ አለኝ፣ ብለጥፈውም ሲታጠፍ ይለቃል። ማታ ሲተኙበት ድንጋይ የመሰለ ነው፣ እኩለ ሌሊት ላይ ጨርቅ ነው።

እትዬ ራቢአ አልጣሉትም፣ ለቀን ሽርሽር፣ ለሣር ላይ የሚፈልግ ሰው አይጠፋም ብለው። ግን ነውሩን ሳትናገሪ እንዳትሸጪ፣ ነውሩ የተደበቀ ዕቃ ገንዘቡ ሐራም ነው፣ እኔ ቤት አይገባም፣ አንቺም ሁለተኛ አትገቢም። የመጨረሻዋን እየሳቁ ነው የሚሏት፣ እየቀለዱ ግን አይደለም። ከእኔ በፊት የነበረውን ልጅ የተቀደደ ድንኳን ደህና ነው ብሎ ሸጦ በዚያው ቀን አሰናብተውታል።

ወንጪ። ሁልጊዜ መንፋት ስጀምር ወንጪ ይመጣብኛል። የተራራ ጉዞ ቡድኑን ከያደታ ጋር የጀመርነው ሁለት ሆነን ነው፣ መንገድ የማውቅ እኔ፣ ምላስ ያለው እሱ፣ ከሱሉልታ በጫካው ወደ እንጦጦ፣ ከመናገሻ ወደ ሱባ፣ የአዲስ አበባን ልጆች ቅዳሜ ቅዳሜ እያስለቀስን እናወጣቸው ነበር፣ ያዱ ነበር የምለው፣ ያዱዬ ያልኩበትም ቀን አለ፣ ምላሴን ይቁረጠው። ወንጪ ላይ ፍራሽ ሲያድል ይሄ ላንቺ፣ ለራሴ ያሰብኩት ነበር አለኝ፣ አመሰገንኩት፣ ጉድ እኮ ነው፣ አመሰገንኩት! ሌሊት ዳሌዬ መሬት ሲነካ ተነስቼ ነፋሁት፣ ተኛሁ፣ ደግሞ ነካ፣ ደግሞ ነፋሁ፣ በመጨረሻ ጉልበቴ አለቀ፣ ብርዱ በጀርባዬ ገብቶ በደረቴ ሲወጣ እየሰማሁ ነጋ። ጠዋት መነሳት የለም። ሳንባ ምች። ሱሉልታ እናቴ ቤት ተኝቼ ስልኬን ስከፍት ከቴሌግራም ግሩፑ የለሁም፣ አብረን ከከፈትነው፣ አስወጥቶኛል፣ ስሙንም ቀይሮታል።

ይሄን እንኳ ቻልኩት። ያልቻልኩት ኪዳነወልድ የነገረኝን ነው፣ አብሮን ይወጣ የነበረ ልጅ፣ ቡራዩ ታክሲ ተራ አግኝቶኝ መሬት መሬት እያየ ነገረኝ፣ ያን ፍራሽ ከዚያ በፊት በነበረው ጉዞ ራሱ ያደታ ተኝቶበት ሲረግመው ነው ያደረው፣ እያወቀ ነው የሰጠሽ። ለሰው ደግሞ ምን እንደሚል ነገረኝ፣ ጂቱ ጎበዝ ነበረች ግን ተራራ አይሆንላትም፣ ሳንባዋ ደካማ ነው። የኔን ሳንባ! ቀኑን ሙሉ በዚህ ሳንባ ፍራሽ ስነፋ ነው የምውለው፣ ይምጣና ይየው፣ ሰው እንዴት ሰውን መሬት ላይ አስተኝቶ ደካማ ናት ይላል፣ እንዴት ያለ ድፍረት ነው።

ነውሩን አልነግረውም። ብርቱካናማውን ሞቅ አድርጌ ነፍቼ አቀርብለታለሁ፣ እንዴት ይቀልላል እላለሁ፣ እሱም ውሸት አይደለም፣ ይቀልላል። ለገና ተጓዦቹን ሳነቲ ሊያሳድራቸው ነው፣ በየቦታው ለጥፎታል፣ ባሌ፣ ሳነቲ፣ ኮዳ ውስጥ ያለ ውሃ በረዶ ሆኖ የሚያድርበት ሜዳ፣ እዚያ ላይ ፊስስ ይበልለት። አይሞትም፣ እኔ አልሞትኩም። ብቻ ይሰማው፣ ያ ከስር የሚመጣው ነገር፣ ብርድ ልብስ የማያስቆመው፣ አጥንት አጥንት የሚመርጠው። ሥራዬን ባጣ ባጣ ነው። እትዬ ራቢአ ይቅር ይበሉኝ፣ አይሉኝም፣ አይበሉኝ።

መኪና ቆመ። ድምፁ ቀድሞት ይገባል፣ አካም ጅርቱ፣ ሰው የለም እንዴ፣ ከዚያ ያየኛል። አፍታ። ፊቱ ላይ የሆነ ነገር ሊወጣ ሲል ይመልሰዋል። ጂቱ! አንቺ እዚህ ነሽ እንዴ፣ ኧረ ባክሽ፣ ተሻለሽ? ተሻለሽ ይለኛል፣ ዓመት ሊሞላው ምን ቀረው፣ ጉንጩን ያቀርባል፣ አየር እስማለሁ፣ ሽቶው ተቀይሯል። ደህና ነኝ አንተስ፣ እኔ ነኝ ይሄን የምለው፣ ድምፄ ደህና ነው፣ የሱቅ ድምፅ። ከኋላው አንዲት ቀጭን ልጅ፣ የራሷን ቦርሳ በጀርባዋ የሱን በደረቷ፣ ላሊሴ ናት ረዳቴ ይላል፣ የሆለታ ልጅ፣ ገና እየለመደች ነው። ኦቦ ያደታ፣ ቦርሳውን የት ላስቀምጠው ትለዋለች። ኦቦ! አቶ ሆነልኝ፣ ጢሙ እንኳ በቅጡ ሳይገጥም።

ሁለት ነው የምፈልገው ይላል፣ ለኔና ለሷ፣ የኔ ቀለል ያለ ይሁን፣ ወገቤን ታውቂው የለ፣ ለሷ የተገኘው ይበቃታል፣ ልጅ አይደለች፣ ብርድ አይሰማትም።

ብርድ አይሰማትም። ልጅቷን አያታለሁ፣ ሹራቧ ክርኑ ላይ ሳስቷል፣ ፈገግ ትላለች፣ የማውቀው ፈገግታ ነው፣ እኔ ራሴ እንደዚያ ፈገግ ስል ኖሬያለሁ። ቆይ። ቆይ ጂቱ። ዝም ብዬ ብርቱካናማውን ብሰጠው ምን ይሆናል፣ ወገቡ መሬት ሲነካ ይነሳል፣ መንፋትማ አይነፋም፣ ይሄን ሰውዬ አውቀዋለሁ፣ ልጅቷን ይነቀንቃታል፣ ላሊሴ፣ ወገቤ፣ እስቲ ቀይሪኝ፣ እሷም እሺ ኦቦ ትላለች፣ ሳነቲ ላይ እስኪነጋ መሬት የምትልሰው እሷ ናት፣ ታመሰግነዋለችም ይሆናል። ለሱ ያልኩት ሁሉ ለሷ ሊሆን! በቀሌን እንኳ ለሰው ያሸክመዋል፣ እንደ ቦርሳው። ምን ዓይነት ፍጥረት ነው፣ በምን በኩል ነው የሚያዘው።

ብርቱካናማው ላይ ወጥቶ ይጋደማል፣ ከነጫማው፣ ጫማህን እለዋለሁ፣ ይቅርታ ይላል፣ ይቅርታ የምትባለው ነገር ከአፉ መውጣት ትችላለች ለካ፣ ለጫማ። ወደ ግራ ይገለበጣል፣ ወደ ቀኝ፣ ዋ፣ ይሄ ነው እንጂ፣ አልጋ በለው። ግራጫው ላይ ይሞክራል፣ ሲንኮሻኮሽ ይስቃል፣ ይሄማ የጉልት ፌስታል ነው፣ ማን ያስተኛል። ተመልሶ ብርቱካናማው ላይ። እግሬ ስር ነው የተኛው፣ ከታች ወደ ላይ ያየኛል፣ እጁን ከራሱ ስር አድርጎ፣ እንደ ጥንቱ፣ እና ይላል፣ ወንጪ ትዝ ይልሻል ጂቱ፣ እንዴት ስቀን ነበር።

ስቀን ነበር። እሱ ስቆ ነበር፣ አዎ፣ ድንኳኑ ውስጥ ሆኜ ጠዋት ሲስቅ ሰምቼዋለሁ፣ ደረቴን ይዤ። አንዲት ቃል ብቻ ቢል፣ በድዬሻለሁ ባይል እንኳ፣ ያን ሌሊት ታመምሽ አይደል ቢለኝ፣ ፍራሹን ከስሩ ጎትቼ አወጣለት ነበር፣ እግዜር ያያል፣ አወጣለት ነበር። ስቀን ነበር! እጠላዋለሁ፣ እንዲህ የምጠላው አይመስለኝም ነበር፣ ጆሮዬ ይሞቃል፣ እጄ ደግሞ ቀዝቃዛ ነው፣ እና ያን ጊዜ ነው የገባኝ፣ በምን በኩል እንደሚያዝ። ሌባ እናት ልጇን አታምንም። ይሄ ሰው በኔ ቦታ ቢሆን ምን እንደሚያደርግ ያውቃል፣ ይዋሻል፣ ስለዚህ እኔም የምዋሽ ነው የሚመስለው።

እውነቱን ነው የምነግረው። አንድም ሳላስቀር።

ብርቱካናማውን አትውሰድ እለዋለሁ። ያስተነፍሳል። ጎሚስታ ጋ በርሜል ውስጥ ነክረን አይተነዋል፣ ከአፉ ስር ነው የሚለቀው፣ አይለጠፍም፣ ለቀን ሽርሽር ካልሆነ ለማደሪያ አይሆንም፣ ለሳነቲ ጭራሽ። ግራጫውን ውሰድ፣ ያ ይይዛል፣ ያ ይሞቃል። ድምፄ ይንቀጠቀጣል፣ ከቁጣ ነው፣ እሱ ግን ስዋሽ የያዘኝ ይመስለዋል፣ ዓይኑ ሲጠብብ አየዋለሁ፣ ያ ዓይን፣ ሂሳብ ሲሠራ የሚጠብበው። በእጁ ይጫነዋል፣ አሁን የነፋሁት ነው፣ ድንጋይ። ይጫነዋል ደግሞ። ይስቃል።

ኧረ ጂቱ፣ አሁንም አልተውሽኝም ማለት ነው? ለማን ነው ያስቀመጥሽው፣ ለራስሽ ነው አይደል፣ እኔን ጆንያ ላይ ልታስተኚኝ!

እንደፈለግህ፣ እኔ ነግሬሃለሁ። ነግሬሃለሁ ያደታ፣ እሷም ሰምታለች።

ሰምታለች፣ ሰምታለች፣ ይላል እየተነሳ፣ የሱቅ ጨዋታሽን ለሌላ፣ ብርቱካናማው የኔ ነው፣ ፌስታሉን ለላሊሴ ጠቅልይላት፣ ትንኮሻኮሽበት። በስልኩ ይከፍላል፣ ዋጋው የረከሰው ለምን እንደሆነ እንኳ አይጠይቅም፣ ያሸነፈ ሰው አይጠይቅም፣ ሰላም ሁኚ፣ ሳንባሽን ጠብቂ፣ ትከሻዬን መታ መታ ያደርጋል፣ መኪናውን ላዙር ብሎ ይወጣል። ሳንባሽን ጠብቂ አለኝ። እሺ።

ልጅቷ ቀርታለች፣ ዕቃ ተሸካሚዋ እሷ አይደለች፣ ጎንበስ ብላ ከኔ ጋር ታስተነፍሳለች፣ ግራጫውን እኔ፣ ብርቱካናማውን እሷ። ቀስ ብላ፣ ሳታየኝ፣ ዱጋ ነው? ትለኛለች። ዱጋ፣ እውነቴን ነው እላታለሁ፣ ሁሉም እውነት ነው፣ ስሚኝ እህቴ፣ ያንቺ ግራጫው ነው፣ ሌሊት ቀይሪኝ ቢልሽ፣ ወገቤ ቢልሽ፣ እኔን እሱ ነው መሬት ላይ... አልጨርሰውም፣ የግራጫውን አፍ እዘጋለሁ። ጥቅልሉን ታስራለች። ቋጠሮዋ ጠበቅ ያለ ነው፣ የገበሬ ቤት ቋጠሮ።

እኔ እንቅልፌ ከባድ ነው ትላለች። ቤት ቢቃጠል አልነቃም፣ እናቴ ውሃ ደፍታብኝ ነው የምታስነሳኝ። ኦቦ ያደታ ደግሞ የሚደፉት ውሃ የላቸውም፣ እዚያ በረዶ ይሆናል ብለውኛል። ቀና ብላ ታየኛለች፣ ፊቷ ላይ ምንም የለም፣ ፈገግታውም የለም፣ ጥሩምባ ከውጭ ይጮሃል፣ ገለቶሚ እህቴ ብላ አመስግናኝ ሁለቱን ቦርሳ ታነሳለች፣ ግራጫውን ጥቅልል ከራሷ ቦርሳ ላይ አጥብቃ አስራዋለች፣ ብርቱካናማውን ከሱ ላይ፣ ትወጣለች።

በሩ ላይ እቆማለሁ። አስፋልቱ ላይ አቧራ፣ የሎንችን ረዳት ወሊሶ ወሊሶ ይላል፣ መኪናው ይገባበታል፣ ይጠፋል። ሂድ ያደታ። ሂድ፣ ደህና ግባ፣ ለፎቶ ተነሳ፣ እሳት ዳር ቁጭ ብለህ ስለ እኔ ሳንባ አውራ፣ ከዚያ ግባና ተኛ፣ ሲመቸህ ይታየኛል፣ እጅህን ከራስህ ስር ታደርጋለህ፣ ውሸታም ትለኛለህ፣ ትስቃለህ፣ ዳሌህ እስኪነካ ድረስ፣ ከዚያ ትነቃለህ፣ በእጅህ ትጫነዋለህ፣ የለም፣ ደግሞ ትጫነዋለህ፣ ያኔ ጂቱ ነግራኝ ነበር ትላለህ፣ ማንንም ልትረግም አትችልም፣ እውነቱን ነው የነገርኩህ፣ ተንጠራርተህ ላሊሴ ትላለህ፣ ላሊሴ፣ ትከሻዋን ትነቀንቃለህ፣ ግራጫው ይንኮሻኮሻል፣ ላሊሴ፣ ኧረ ላሊሴ፣ ላሊሴ ተኝታለች።