ባዶ ቤት የሚሮጠው ኮቴ

አስረሳሽ ኮቴውን መጀመሪያ የሰማችው በነሐሴ፣ አሠሪዎቿ ለእረፍት አገራቸው በገቡ በሦስተኛው ቀን ነው። ጄኔቫ፣ ኦ ቪቭ በሚባለው ሰፈር፣ አንድ ዲፕሎማትና ባለቤቱ በሚኖሩበት አምስተኛ ፎቅ ስትሠራ ሰባተኛ ዓመቷን ይዛለች። ቀትር ነበር። ወንበር ላይ ወጥታ የሳሎኑን መጋረጃ ስታወርድ፣ ከጀርባዋ ትንሽ እግር የእንጨቱን ወለል ዱብ ዱብ ሲያደርግ ሰማች። ዞር አለች፤ ማንም የለም። ወርዳ ክፍሎቹን አንድ በአንድ ከፈተች። ስትፈጥን ኮቴውም ፈጠነ። ደክሟት ግድግዳ ስትደገፍ እሱም ዘገም አለ እንጂ አልጠፋም።

ከዚያ ወዲያ አልተለያትም። ደረጃ ስትወጣ ይሮጣል፤ ስትጋደም ጆሮዋ ሥር ይመላለሳል። በባዶ እግሩ የሚሮጥ የሁለት የሦስት ዓመት ልጅ ኮቴ ነበር።

አስረሳሽ አርባ አንድ ዓመቷ ነው፤ ልጅ የላትም። ሆዷ ግን ከፋሲካ ወዲህ እየገፋ ሄዷል። እዚያው ጄኔቫ ዳር፣ ቬርኒየ ባለው የጸሎት ኅብረት አብረዋት ከሚጸልዩት ሴቶች አንዳንዶቹ ሆዷን አይተው ፈገግ ይሉ ጀምረዋል። የወር አበባዋ ሲመጣ ደግሞ ዐሥር ቀን ሙሉ አያባራም፤ በሞዴስ ላይ ፎጣ ደርባ ትሠራለች። ይህን ለማንም አልተነፈሰችም። ኮቴውን ብቻ ኅብረቱን ለሚመራው ለወንድም ነህምያ ነገረችው። ነህምያ ትራም የሚነዳ ቅን ሰው ነው። ብዙ አሰበና፣ "የሚከተልሽ ነገር አለ። ሦስት ቀን ጹሚ፤ እኔም አብሬሽ እጾማለሁ" አላት። ጾመች። በሦስተኛው ቀን ኮቴው ከምንጊዜውም በላይ ሮጠ።

የከፋው ግን ከዚያ በኋላ የመጣው ነው፤ መፍራቷን ተወች። ዕቃ እያጠበች "ቀስ በል፣ ትወድቃለህ" ስትል ራሷን ሰማች። በማግሥቱ ስም አወጣችለት። ምግብ አስጠላት፤ ከፍሪጅ በረዶ እያወጣች መቆርጠም ሆነ ሥራዋ። አሠሪዎቿ ሲመለሱ ማዳም "ከማን ጋር ነው የምታወሪው?" ብትላት፣ "እየጸለይኩ ነው" ብላ ዋሸች።

መስከረም ላይ የጄኔቫና የዙሪክ ኅብረቶች ዙሪክ አጠገብ ባለችው ዲቲኮን አንድ አዳራሽ ውስጥ ተገናኙ። አስረሳሽም በባቡር ሄደች። መዝሙሩ ሲጀመር ኮቴው አላሰማ ስላላት ተነሥታ ወደ ማዕድ ቤቱ ገባች፤ በረዶ አግኝታም ትቆረጥም ጀመር። እዚያ ጀርባዋን ሰጥታ ብርጭቆ የምታደርቅ ቀጭን ሴት ነበረች።

"መራመድ ጀመረ?" አለች ሴትዮዋ፣ ሳትዞር።

በረዶው አስረሳሽ አፍ ውስጥ ቀረ። "ምኑ?"

"ጆሮሽ ውስጥ ያለው።"

"ማን ነገረሽ?"

"ማንም። በረዶ ስትቆረጥሚ ሰማሁሽ።"

ሕብስት ትባላለች፤ እዚያው ዲቲኮን የዕቃ መጋዘን ውስጥ ትሠራለች። እጇን አደራርቃ ቀረበችና፣ ከአስረሳሽ ጆሮ ዝቅ ብላ አንገቷን በጣቷ ጫን አደረገች። ኮቴው ቀጥ አለ። ጣቷን ስታነሣ ተመልሶ ሮጠ።

"የራስሽ ደም ነው እህቴ። ሲያንስ እንዲህ ይጮኻል፤ በረዶም ያስቆረጥማል።" የታችኛውን የዓይኗን ቆብ ገለጥ አድርጋ አየች። "ወረቀት መስሏል። ስንት ቀን ይፈስሻል?"

"ዐሥር" አለች አስረሳሽ መሬት መሬት እያየች።

"እኔም እንደዚያው ነበርኩ። ማዮማ ነው፣ ማህፀን ላይ የሚያድግ እጢ። አምስት ዓመት ደበቅሁት።"

አስረሳሽ እፎይ ማለት ነበረባት። እሷ ግን የሕብስትን እጅ ገፋ አድርጋ፣ "እባክሽ ደግመሽ እንዳታስቆሚው" አለች።

ሕብስት ጥቂት አየቻት። "ስም አውጥተሽለታል" አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ። "የእኔ ሴት ነበረች። ሉሉ ነበር የምላት።"

አስረሳሽ እዚያው ወለሉ ላይ ተቀምጣ አለቀሰች።

ሰኞ ሕብስት ከሥራዋ ፈቃድ ወስዳ ጄኔቫ ድረስ መጣችና ሆስፒታል አብራት ገባች። ሐኪሟ የደሙን ውጤት አይታ፣ በዚህን ያህል ትንሽ ደም በእግሯ ቆማ መምጣቷ እንደሚገርም ነገረቻት። በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ደም ተሰጣት። ሁለተኛው ከረጢት ሲጋመስ ሩጫው እርምጃ ሆነ። እርምጃውም ከአልጋው ወደ በሩ፣ ከበሩ ወደ ኮሪደሩ ራቀ። አስረሳሽ አንገቷን ቀና አድርጋ ገርበብ ያለውን በር ተመለከተች።

"ሄደ?" አለች ሕብስት።

"እየሄደ ነው።"

እስኪጠፋ ድረስ ሁለቱም በሩን አዩ።

እጢዎቹ ብዙ ነበሩ። ሐኪሟ ያሉትን አማራጮች አስረዳቻት፤ አስረሳሽ ሁለት ሳምንት አስባበት ማህፀኗ እንዲወጣ ፈረመች። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ዲቲኮን ሕብስት ቤት ስድስት ሳምንት ተኛች። አንዳንድ ቀን ያወራሉ፤ አንዳንድ ቀን ሕብስት ከሥራ ገብታ አጠገቧ ዝም ብላ ትቀመጣለች። አስረሳሽም ለኮቴው ያወጣችለትን ስም ነገረቻት፤ ለእሷ ብቻ።

ቬርኒየ ስትመለስ ለነህምያ ሁሉንም ሳትሸፋፍን ነገረችው። አንገቱን ደፋ። "ሳላውቅ አስጾምኩሽ፤ ይቅር በይኝ" አላት። ቆየት ብሎም ለሴቶቹ እንድትናገር ጠየቃት።

በጥር አንድ እሑድ፣ ወንዶቹ ወጥተው፣ አስረሳሽ ሴቶቹ ፊት ቆማ ስለ ዐሥሩ ቀን፣ ስለ ፎጣው፣ ስለ ደሙ ተናገረች። ስትጨርስ ጸለዩና ካፖርታቸውን እየለበሱ ወጡ። ሦስት ሴቶች ግን ቀሩ፤ አንዷ መስኮቱ ጋ፣ አንዷ ካፖርት መስቀያው ጋ፣ አንዷ በሩ ጋ። አይተያዩም። እያንዳንዷ ሌሎቹ እስኪሄዱላት ትጠብቃለች።

አስረሳሽ አራት ወንበር ሳበች።

"ሦስታችሁም ኑ" አለች።