ከውስጥ የሚዘጋ ክፍል

«ይቺ የኋላዋ ክፍል ብትከራይ ሰው ይገባባታል?» አለች ቀመሪያ፣ ሻይ እየቀዳች።

የአባቷ የዐብዲገኒ ለቅሶ፣ ተዕዚያው፣ ሦስተኛ ቀኑ ነው። ነገ ጅግጅጋ ወደ ሥራዋ ትመለሳለች፤ ቤቱ ተዘግቶ ከሚቀር ይከራይ ብላለች። ሰፈሩ ሁሉ ምንጣፏ ላይ ተቀምጦላት ሌላ ማንን ትጠይቅ? እንባዋ ግን እስካሁን ጠብ አላለም። ሥራ በዝቶብኝ ነው እያለች ራሷን ታታልላለች።

ጎረቤቷ ሁዶ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ወላሂ ይገባባታል። እኔ ራሴ ገብቼባታለሁ። ደቻቱ ወንዝ ሞልቶ ቤቴን የወሰደ ጊዜ፣ ከነልጆቼ አራት ወር! ኪራይ ልክፈል ብላቸው አባትሽ ተቆጡኝ አቦ!»

ቀመሪያ ያን ጊዜ አልረሳችውም። ከሁዶ ልጆች ጋር በአንድ ትሪ ይበሉ ነበር። አስር ሰዓት ላይ አባቷ ሙቀቱ እንዲበርድ ግቢውን በባልዲ ውሃ ሲረጩ፣ ሆን ብለው የልጆቹ እግር ላይ እያርከፈከፉ ያስጮኋቸዋል። እንዴት ደስ ይል ነበር!

«እኔም ከሚስቴ የተጣላሁ ጊዜ ገብቻለሁ» አለ ሾፌሩ ፋራህ። «ለሁለት ቀን ብዬ ስድስት ወር!»

ሰው ሳቀ፤ ወዲያው ለቅሶ ቤት መሆኑ ትዝ ብሎት አፉን ያዘ።

ከሰዓት በኋላ ደላላው ሙስአብ መጥቶ ክፍሏን አየ።

«ፈላጊ ሞልቷል» አላት። «የኢንዱስትሪ ፓርክ ሠራተኞች ይሻሙባታል። ግን በሩ መቀርቀሪያው ከውስጥ ብቻ ነው። ተከራዩ ሥራ ሲሄድ በምን ይቆልፋል? ቆይ፣ ቁልፍ ገዝቼ ልምጣ።»

እሱ ሲወጣ ቀመሪያ በሩ ላይ ቆማ ቀረች። ልጅ ሆና እሷም ይህንኑ ጠይቃ ነበር።

«አባ፣ ይሄ በር ለምን ከውጭ አይቆለፍም?»

«እዚህ የሚመጣ ሰው ቆልፎበት የሚሄደው ዕቃ የለውም፣ ልጄ» ነበር ያሏት። «ዘግቶ የሚያለቅስበት ግን ያስፈልገዋል።»

ገባች። ውስጡ ባዶ ነው፤ አንድ ፍራሽና የአባቷ የውሃ ባልዲ ብቻ። በሩን ገፋችው፣ መቀርቀሪያውን ሳበችው። ከዚያ ፍራሹ ላይ ተቀምጣ ባልዲውን አቀፈች፤ ሦስት ቀን ያልመጣው እንባ ያን ጊዜ መጣ።

ሙስአብ ተመልሶ አንኳኳ። «ቀመሪያ! ቁልፉን አምጥቻለሁ። አንድ ተከራይም ይዤልሽ መጣሁ፣ ክፍሏን እናሳየው።»

ፊቷን በሻሿ ጫፍ ጠረገች። መቀርቀሪያውን ግን አልነካችውም።

«ሰው ገብቶባታል» አለች ከውስጥ።