ለአንድ ሰው የተሠራ ድረ ገጽ

የመንገዱ ነጋዴዎች «መዝጋቢው» ይሉታል። ስሙን ያወጡለት ከዓመታት በፊት ነው፤ ደብተሩን በብብቱ ሸጉጦ ከዳቦ ቤቱ እስከ መድኃኒት ቤቱ በር ለበር እየዞረ፣ የየሱቁን ስም፣ ስልክና የሥራ ሰዓት ጽፎ ኢንተርኔት ላይ ባለ የንግድ ቤቶች ማውጫ ውስጥ ያስገባ ጊዜ። ከዚያ ወዲህ ሥራው ሰፍቷል። ሰው የኢንተርኔት መፈለጊያው ላይ «ጥርስ ሐኪም» ወይም «የመኪና ጎማ» ብሎ ሲጽፍ የደንበኛው ድረ ገጽ ከሌሎቹ ቀድሞ እንዲመጣ ያደርጋል። ከፎቶ ቤቱ በላይ ባለች አንድ መስኮት ባላት ክፍል፣ በሁለት ወንበርና በአንድ ኮምፒውተር ይሠራል። ምስጋና የሌለው ሥራ ነው። ሲሳካ ገበያው በራሱ እግር የመጣ ይመስላል፤ ካልተሳካ ግን ጥፋቱ የመዝጋቢው ነው።

አንድ ቀን ጠዋት ልብስ ሰፊዋ ሴትዮ በየደረጃው እያረፉ ወደ ክፍሉ ወጡ።

«እትዬ፣ ምነው በደህና?» አለና ወንበር ሳበላቸው።

ያውቃቸዋል። ከዳቦ ቤቱ ጀርባ፣ ሁለት ደረጃ ወደ ታች በሚወረድባት ክፍል የተማሪ ዩኒፎርም ይሰፋሉ። ያኔ ለማውጫው ሲዞር እሳቸውም በር ደርሶ ነበር። ቀና እንኳ ሳይሉ፣ መርፌ በከንፈራቸው እንደያዙ፣ «እኔን ማን ይፈልገኛል ብለህ ነው? ደንበኞቼ በሬን ያውቁታል» አሉት። አልተከራከረም። ታፔላ እንኳ የላቸውም ብሎ በልቡ ወደሚቀጥለው ሱቅ አለፈ።

አሁን ነጠላቸውን አስተካክለው ተቀመጡና ኮምፒውተሩን እንደ እንግዳ ሰው ገረመም አድርገው አዩት።

«የሰውን ነገር እዚህ ላይ ከላይ ታወጣለህ አሉኝ።»

«እሞክራለሁ። ሱቁን ነው?»

«ሱቁንስ ተወው። ልጄን ነው።»

ሴትዮዋ ለመጀመር ጊዜ ወሰደባቸው፤ ከጀመሩ በኋላ ግን ክሩን ሳይበጥሱ እስከ መጨረሻው ተረኩለት።

ነገሩ ከሆነ ዘጠኝ ዓመት አልፎታል። ባላቸው የሞቱ ጊዜ አንድያ ልጃቸው በሌላ ከተማ ፍሪጅ ጠጋኝ ነበር። ቀብሩ አለፈ፤ ልጁ አልመጣም። የመጣው በሦስተኛው ቀን፣ ቤቱ በለቀስተኛ ሞልቶ ሳለ ነው። እናት ከተቀመጡበት ተነሥተው፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት፣ «አባቱን ያልቀበረ ልጅ እናት የለውም፤ ዓይንህን አልይ» አሉት። ልጁ አንድ ቃል ሳይመልስ፣ ሻንጣውን መሬት ሳያስነካ ዞሮ ወጣ። እንደወጣ ቀረ። ስልኩን ቀየረ፣ ከተማውንም ለቀቀ። እሳቸውም በንዴት ስልካቸውን ቀየሩ።

«ባለፈው ወር ወንድሜ ታሞ ልጠይቀው ሄድኩ» አሉ። «ያኔ መርዶ በስልክ አይነገርም ብለን ልጁን እንዲጠራ የላክነው እሱን ነበር። ለካ መጠጥ ቤት ገብቶ ሁለት ቀን አሳልፎ ነው የነገረው። ልጄ እንደሰማ ነው ተነሥቶ የመጣው። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ እውነት ይዤ የተቀመጥኩ መስሎኝ ነበር።»

መዝጋቢው እስክሪብቶውን ከጠረጴዛው አንሥቶ መልሶ አስቀመጠ።

«የት እንዳለ አላውቅም። ግን ሰው ሁሉ አንድ ቀን የገዛ ስሙን እዚህ ላይ ጽፎ ያያል አሉኝ። እውነት ነው?»

«አብዛኛው ሰው ያያል፣ እትዬ።»

«እንግዲያ ስሙን የጻፈ ቀን መጀመሪያ የሚያገኘው የእኔን ቃል ይሁን።»

መዝጋቢው የልጁን ስም ከነአባቱ ጻፈው። ማያ ገጹን አንድ ኳስ ተጫዋች ሞላው። ሞክሼ ነው። ጎሎቹ፣ ሠርጉ፣ መኪናው፣ የተሰበረ ጉልበቱ፣ ገጽ በገጽ እሱ ብቻ ነው። ሴትዮዋ መነጽራቸውን አድርገው ፎቶውን አዩት።

«መልኩ ደግ ነው። እሱም የእናት ልጅ ነው፤ ግን ትንሽ ገለል ቢልልኝ» አሉ።

ሥራው እንደዚህ ተጀመረ። መዝጋቢው አንዲት ትንሽ ድረ ገጽ ሠራ፤ ሴትዮዋ ነገሩት፣ እሱ ጻፈ። ስም ብቻውን ኳስ ተጫዋቹን አያልፍም፤ ስለዚህ ልጁን ከሌላው ሰው የሚለየውን ሁሉ እንዲያስታውሱ ጠየቃቸው። አያቱን፣ ትምህርት ቤቱን፣ ሙያውን፣ የሰፈር ቅጽል ስሙን። የሰባት ዓመት ልጅ ሳለ የልብስ ስፌት መኪናቸውን ፈታትቶ መልሶ የገጠመው፣ አንድ ብሎን የተረፈው፣ መኪናውም ያለ ብሎኑ እስከ ዛሬ የሚሠራው ሁሉ ተጻፈ። መጨረሻው ላይ የእናት ቃል ገባ፤ «አጎትህ ነው ሳይነግርህ የቆየው። አሁን ገና አወቅሁ። ጥፋቱ የእኔ ነው። ና።» ከሥሩ ስልካቸውንና መልእክት መላኪያ ሳጥን አስቀመጠ። መልእክት ቢመጣ መጀመሪያ የሚደርሰው ለመዝጋቢው ነው።

«አለቀ?» አሉ።

«ገና ነው። መፈለጊያው ይቺን ገጽ አያውቃትም። መኖሯን እንነግረዋለን፣ ማውጫዎች ውስጥ እናስገባታለን። ቢያውቃትም ወዲያው አያምናትም። ሌሎች ድረ ገጾች ‹እናውቃታለን› ብለው ወደ እሷ ሲያመለክቱ ነው ከፍ የሚያደርጋት።»

ሴትዮዋ ጥቂት አሰቡ። «ዋስ ይፈልጋል በለኛ።»

መዝጋቢው በሥራው ዘመኑ ነገሩን እንዲህ ባጭሩ የቆረጠለት ሰው አልነበረም። «አዎ፣ ዋስ ነው የሚፈልገው» አለ።

ዋስ ፍለጋውን ራሳቸው ያዙት። ዩኒፎርም የሚሰፉለት ትምህርት ቤት ሄደው ርእሰ መምህሩን ደጅ ጠኑ፤ ድረ ገጹ ላይ ስለ ቀድሞ ተማሪው አንድ መስመር አስጻፉ። ልጁ ወደተማረበት የቴክኒክ ትምህርት ቤት፣ ወደ ልብስ ሰፊዎች ማኅበር፣ ድረ ገጽ አለው ወደተባለ መሥሪያ ቤት ሁሉ ሄዱ። አንዱ ጸሐፊ «አሠራራችን አይፈቅድም» ቢላቸው የተቀደደ የኮት ገበሩን ዓይተው፣ እዚያው ተቀምጠው እየሰፉለት ሐሳቡን አስለወጡት።

በየሳምንቱ ቅዳሜ ደግሞ ደረጃውን ይወጣሉ።

«ዛሬስ ስንተኛ ወጣን?»

«ስድሳ አራተኛ።» በሌላው ቅዳሜ፣ «አርባ ሁለተኛ።» ከሁለት ወር በኋላ፣ «አሥራ ዘጠነኛ።»

«ተማሪ ሳለም እንዲሁ ነበር» አሉ። «መጀመሪያ ላይ ያስደነግጠኛል፣ ወደ ዓመቱ መጨረሻ ይሻሻላል።»

መዝጋቢው ለሌሎች ደንበኞቹ እንደዚያ ደክሞ አያውቅም። በአምስተኛው ወር ገጿ ስምንተኛ ሆነች፤ ከኳስ ተጫዋቹ ጉልበት ቀጥሎ፣ የመጀመሪያው ገጽ ላይ። ሴትዮዋ ማያ ገጹን በጣታቸው ጫፍ ነክተው፣ «አሁን የጎደለው የእሱ መጻፍ ነው» አሉና ሄዱ።

መልእክቱ የመጣው በዘጠነኛው ቀን፣ ማክሰኞ ረፋድ ላይ ነው። የጻፈችው ሴት ናት።

«እኔ የዚህ ሰው ሚስት ነበርኩ» ይላል። «በጉበት ሕመም ካረፈ ሦስት ዓመት ሆኖታል። ሙት ዓመቱ በደረሰ ቁጥር ስሙን እዚህ ላይ እጽፋለሁ፤ ለምን እንደሆነ አላውቅም። ሁልጊዜ የሚመጣው ኳስ ተጫዋቹ ነበር። ዛሬ ይህን አየሁ። እናቱ በሕይወት መኖራቸውን አላወቅሁም፤ እሱም አላወቀም። ሐኪም ቤት ተኝቶ ሳለ እናቱን እንድፈልግለት ለመነኝ። የቀድሞው ስልክ አይሠራም። የሰፈሩን ስም ስጽፍ የመንገዱ ሱቆች ዝርዝር መጣ። ዳቦ ቤቱ፣ መድኃኒት ቤቱ፣ ሰዓት ጠጋኙ ሁሉ አሉ፤ እሳቸው የሉም። ሁለት ጊዜ አነበብኩለት። ‹እናቴ ቤቷን ዘግታ አታውቅም፤ ከሌለች ሞታለች ማለት ነው› አለ። ለዳቦ ቤቱ ልደውል ስለው፣ ‹መርዶ በስልክ አልሰማም፣ ተይው› ብሎ ከለከለኝ። ከዚያ በኋላ አሥራ ሁለት ቀን ነው የቆየው።»

መዝጋቢው አንብቦ ጨረሰና እጆቹን ጭኑ ላይ አስቀመጠ። ዝርዝሩን ያውቀዋል። እያንዳንዱን መስመር በገዛ ጣቱ ነው የጻፈው።

ለምሳ ቤት ሲሄድ መልእክቱን ወረቀት ላይ አትሞ ለታላቅ እህቱ ሰጣት። አብረው ነው የሚኖሩት፤ ነርስ ናት፣ ክፉ ወሬ ለሰው መንገርን ከሥራዋ የተማረች ናት።

«የዝርዝሩን ነገር ልተወው?» አላት። «መሞቱ አይበቃቸውም? ይህን ማወቅ ምን ይጠቅማቸዋል?»

«ለሳቸው ነው ወይስ ላንተ?»

ወረቀቱን ከእጇ ተቀብሎ አጠፈው።

«ግማሹን የነገርከው ሰው ግማሹን አንድ ቀን ከሌላ ይሰማል» አለች። «ቁስል ውስጥ ጥጥ ረስተህ አትሰፋም። ተነሥ፣ አብሬህ እሄዳለሁ።»

ሁለቱን ደረጃ ሲወርዱ ሴትዮዋ የሕፃን ልጅ ኮሌታ ይሰፉ ነበር።

«ነርሷም መጣሽ? ጋውን ልለካሽ ነው?» አሉና ፊታቸውን አዩ። የመኪናውን መዘውር በመዳፋቸው ያዙት። መርፌው ጨርቁ ውስጥ እንደገባ ቆመ።

«ተገኘ?»

«ተገኘ፣ እትዬ» አለ መዝጋቢው።

«በሕይወት አለ?»

እሱ አልቻለም። እህቱ ከጎናቸው ተንበርክካ እጃቸውን ያዘችና ቀስ ብላ ነገረቻቸው።

የመጣላቸው ልቅሶ አልነበረም። ለረዥም ጊዜ የኮሌታውን ጠርዝ በጣታቸው ሲያሹ ቆዩ። ከዚያ፣ «ሦስት ዓመት» አሉ፤ ጥቂት ቆይተውም እንደገና፣ «ሦስት ዓመት።» ጎረቤት ተሰበሰበ፤ ዳቦ ቤቱ ሥራውን አቆመ። ማልቀስ የጀመሩት አመሻሹ ላይ፣ አንዲት ተማሪ ኮሌታውን ልትወስድ መጥታ በር ላይ ቆማ ስትቀር ነው።

በሳምንቱ መዝጋቢውን አስጠሩት። «የጻፈችውን አንብብልኝ። የሚቀር እንዳይኖር» አሉት።

አነበበላቸው። ዝርዝሩ ጋ ሲደርስም አልዘለለም። ሲጨርስ፣ «ዝርዝሩን የሠራሁት እኔ ነኝ» አለ።

«አውቃለሁ። መጥተህ ነበር እኮ።»

«መጥቼ ነበር።»

«አልፈልግም አልኩህ።»

«አንድ ጊዜ ነው የጠየቅሁት፣ እትዬ። መልሼ መጠየቅ ነበረብኝ።»

ሴትዮዋ መነጽራቸውን አወለቁ። «ሦስቴም ብትጠይቀኝ አልፈልግም ነበር የምለው። ጠባዬን አውቀዋለሁ።»

ሊያጽናኑት ይሁን እውነቱን ሊነግሩት፣ መዝጋቢው ያን ቀንም ከዚያም በኋላ መለየት አልቻለም። ማጽናናት ከሆነ አልተጽናናም።

ድረ ገጹን ያጥፋው እንደሆነ ጠየቃቸው። እንዳያጠፋ ነገሩት፤ እንደ ሚስቱ ስሙን ጽፎ የሚፈልግ ወዳጅ አይጠፋም፤ ያ ሰው እሱን እንጂ የሌላ ሰው ጉልበት አያግኝ። ወደ ክፍሉ ወጥተው ሚስቱ የላከችውን የሞተበትን ቀንና የተቀበረበትን ቦታ አስጨመሩ። የእናት ቃል ጋ ሲደርሱ ግን ቆሙ። «ጥፋቱ የእኔ ነው» ይቆይ አሉ። «ና» የምትለዋን ማያ ገጹ ፊት ቁጭ ብለው አይተዋት፣ «እሷን አንተ ሰርዛት፤ እኔ በሩ ጋ ልቁም» አሉና ፊታቸውን አዙረው ቆሙ።

ሰረዛት።

የልጁ ሚስት የመጣችው ከወር በኋላ ነው። አውቶቡስ ተራ ድረስ ሄደው የተቀበሏት ሴትዮዋና መዝጋቢው ናቸው። ቀጠን ያለች፣ ድምፅዋ ዝቅ ያለ ሴት ናት። ሁለቱ ሴቶች ሲገናኙ ለመተቃቀፍ ቸኩለው ቦርሳዋ መሬት ወደቀ፤ እሱ አንሥቶ ተሸከመላት።

ስፌት ቤቱ ገብተው አረፍ እንዳሉ ሴትዮዋ ይጠይቋት ጀመር። ትልቅ ነገር አልጠየቁም። ፀጉሩ ሳስቶ ነበር ወይ? ጫማ ስንት ቁጥር ያደርግ ነበር? ሲተኛ ያንኮራፋል? የሥራ ጓደኞቹ ምን ብለው ነበር የሚጠሩት? ሲያመው ማን ያጥበው ነበር?

«እኔ ነበርኩ» አለች።

«ጀርባውን ሲነኩት ይስቅ ነበር፣ ልጅ ሆኖ።»

«ትልቅም ሆኖ ይስቅ ነበር።»

ሴትዮዋ ወንበራቸውን ወደ ልጅቷ አስጠጉ። «እስቲ ከመጀመሪያው ንገሪኝ። የት ነው የተዋወቃችሁት?»

ልጅቷ መናገር ጀመረች። መዝጋቢው ቦርሳዋን ከግድግዳው አስደግፎ ተነሣ፤ ሁለቱም አላዩትም። ሁለቱን ደረጃ ወጥቶ በሩን ቀስ ብሎ ዘጋው።