ለክፉ ቀን የተቀመጠች ማስቲሽ

እኔ ከዚህች መኪና ጋር መኖር ታክቶኛል። ባሌ መኳንንት ከአባቱ የወረሳት ሸራ ለባሽ አሮጌ ላንድሮቨር ናት፤ ጩኸቷ ማዶ ለማዶ ይሰማል። ከእሷ የባሰች ደግሞ አንዲት የቆርቆሮ ሣጥን አለች፤ የጎማ መለጠፊያ። ማስቲሽ፣ የላስቲክ ቁራጭና መፋቂያ ይዛለች። እሷም የአባቱ ናት። ጎማ በተነፈሰ ቁጥር ሞላሌ ከተማ ወስዶ ያስለጥፋል እንጂ ሣጥኗን አይነካም። «ለክፉ ቀን ናት» ይለኛል። ድንቄም!

ክፉው ቀን መጣ። ጓሳ ከምንለው ሰፊ የሣር ምድር ማዶ የተዳረችው ታላቅ እህቴ ኮከብ ማረፏን ጠዋት በስልክ አረዱኝ። ቀብሩ ያው በዕለቱ ነው። ያሳደገችኝ እሷ ናት። አፈር ሳይጫናት ካልደረስኩ ምኑን እህት ሆንኩ?

ጓሳው መሃል ላይ ጎማው ተነፈሰ። ተቀያሪው ድሮ ተበልቶ ተጥሏል። መኳንንት ሣጥኗን በሁለት እጁ ይዞ ወረደና ከፈታት። ማስቲሹ ደንጊያ ሆኗል። ላስቲኩን ሲያጥፈው እንደ ደረቅ ቂጣ ተሰበረ።

«ይሄን ሁሉ ዓመት አንድ ቀን እንኳ አልከፈትካትም?»

«ያልቃል ብዬ ነዋ» አለኝ፤ እንባ አቅርሯል። ልቆጣው አስቤ ተውኩት። መንገዱ ዳር ዘጭ አልኩ።

የጓሳው ጠባቂ አያ አወቀ ከጎጇቸው ወጥተው መጡ። መኳንንት «ጎማው ውስጥ ሣር ብንጠቀጥቅበት ያደርሰናል፤ ትንሽ ልጨድ» ሲል ለመናቸው።

«አይሆንም። ጓሳው ዝግ ነው። ሽማግሌዎች ሳይከፍቱት ለማንም አይታጨድም።»

«እህቴ ልትቀበር ነው እኮ፣ አያ! ሣር ይበልጣል እንዴ?» ጮህኩባቸው።

ወደ ጎጇቸው ዞረው ሄዱ። ምን ዓይነት ጨካኝ ናቸው ብዬ ሳማርር፣ ጎጇቸው ላይ ወጥተው የሣር ክዳኑን መንቀል ጀመሩ።

«ይሄ አምና ሲከፈት የታጨደ ነው፤ ውሰዱት» አሉ። መኳንንት ጎማው ውስጥ ጠቀጠቀው፤ እየተንገጫገጭን ሄድን።

ደረስን። አስከሬኗ ገና ቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ነበር። ቄስ ኪዳነ ወልድ የመኪናዋን ጩኸት ከሩቅ ሰምተው «ቆዩ፣ ደብሪቱ መጣች» ብለው አስቁመውልኛል። እንባ ግን እምቢ አለኝ፤ ደርቄ ቆሜ አፈር አለበስኳት።

ከሰልስቷ በኋላ ጎማው ተሠርቶ ስንመለስ ጓሳው ላይ ይዘንባል። አያ አወቀ ጎጇቸው ውስጥ ተቀምጠዋል። ጣሪያው ግማሹ ክፍት ነው፤ ውኃው ትከሻቸው ላይ ይወርዳል። ዙሪያውን ሣሩ ጉልበት ድረስ በቅሏል።

«አያ፣ ለራስዎ እንኳ ትንሽ አጭደው አይከድኑም?»

«ዝግ ነው አልኩሽ እኮ፣ ልጄ» አሉኝና ቀና ብለው አዩኝ። «ለመሆኑ ደረሳችሁ?»

«ደረስን» አልኩ፤ ያን ጊዜ ነው ለእህቴ ያለቀስኩት። እንባዬን ጠርጌ ስዞር መኳንንት የአባቱን ሸራ ከመኪናዋ ላይ ይፈታል።