ከአናት እስከ ብረት

አይ፣ ግራው ነው መቅደም ያለበት፣ ሁልጊዜ ግራ እግር ነው የሚቀድመው፣ ቀኙን ከጀመርኩ በኋላ ነው ትዝ ያለኝ፣ ፈትቼ እንደገና ልነሳ፣ ሌሼክ ከላይ ሆኖ ምን ሆንክ ይለኛል፣ ምንም፣ ጠፍሩ ተጠምዝዞ ነው እላለሁ። ጠፍሩ አልተጠመዘዘም። እጄ ነው።

ከቁርጭምጭሚት እስከ አንገት ሃያ አራት ቋጠሮ አለ፣ ከዚያ በኋላ የሚቀረው የራስ ቁሩ ብቻ ነው፣ ስለዚህ ለመናገር ሃያ አራት ቋጠሮ ያህል ጊዜ አለኝ፣ የመጀመሪያውን አሁን ጠበቅ አደረግኩት፣ ሃያ ሦስት።

የራስ ቁሩ እዚያ ነው፣ ገለባው ላይ፣ ፊቱን ወደ እኔ አዙሮ። ማን እንዳዞረው አላውቅም፣ እኔ ፊቱን ወደ ድንኳኑ አድርጌ ነበር ያስቀመጥኩት፣ ወይስ አላደረግኩም፣ ዛሬ የማደርገውን ሁሉ ሁለት ጊዜ እያየሁ አንዱንም አላስታውስም። ፀሐዩ ብረቱ ላይ አርፏል። በውስጡ ያለው ከውጭ አይታይም።

ፍጠን እንጂ ጥርስ ሠሪው፣ ነጭ ካባዎቹ በእርጅና ሊያልቁብን ነው ይላል ሌሼክ፣ ራሱ በቀልዱ ይስቃል፣ እኔም ልስቅ እሞክራለሁ። ነጭ ካባዎቹ የዛሬ ስድስት መቶ ዓመት የተደረገውን ጦርነት በየሐምሌው በጨዋታ ስንደግም ጠላት ሆነው የሚገጥሙን ናቸው። ጥርስ ሠሪው እኔ ነኝ፣ ሥራዬ ነው፣ ከተማ ውስጥ በአንድ የጥርስ ላቦራቶሪ ተቀምጬ ለማላያቸው ሰዎች ጥርስ እቀርጻለሁ፣ የሚሊ ሜትር አንድ አሥረኛ ብስት ሰውዬው ምሳ መብላት አይችልም፣ ለዚህ ነው ማኅበራችን ውስጥ ልኬት ሲሆን ሁሉም ያሬክን ጠይቁ የሚለው። ያሬክ ሦስት ጊዜ ይለካል። ሃልሽካ፣ የወንድሜ የሌሼክ ሚስት፣ ጠዋት የአተር ሾርባውን ስታማስል፣ በጭስ የደረቀ ሥጋ እየከተተች፣ እኔ እኮ የማልፈራው ብረቱን አንተ ስላየኸው ነው አለችኝ። እንዲሁ፣ ጨው አቀብለኝ እንደምትል። ጨው አቀበልኳት።

ጉልበት። የጉልበቱ ብረት ሁለት ዘለበት አለው፣ የውስጡ ጥብቅ፣ የውጩ ላላ፣ ካልሆነ መንበርከክ አይችልም። እጠፈው እስቲ። ያጥፈዋል። ደህና ነው፣ ሁሉም ነገር ደህና ነው፣ ከአንገት በታች ሁሉም ነገር ደህና ነው። ሃያ አንድ።

ሐሙስ ነው ያወቅኩት፣ ከሥራ መልስ፣ አሥር ሰዓት ተኩል ላይ፣ ሰዓቱን ለምን እንደማስታውስ አላውቅም። ከላቦራቶሪው የንክሻ ሰም ይዤ ነበር፣ ታካሚው ነክሶበት የጥርሱን ልክ የምናነሳበት ቀዩ ሰም፣ አለሰለስኩትና በገበሩና በብረቱ መካከል፣ ልክ አናቱ ላይ፣ ዶቃ የሚያህል አስቀመጥኩ፣ ከዚያ የራስ ቁሩን ደፍቼ በሁለት መዳፌ ወደ ታች ተጫንኩት። በገበሩና በብረቱ መካከል ሁለት ጣት ባዶ ቦታ መኖር አለበት፣ የትም ቦታ፣ ያ ባዶ ቦታ ነው ሰውን የሚያድነው፣ ብረቱ አይደለም። ሰሙን አወጣሁት። ወረቀት ሆኗል። ወደ መስኮቱ ባነሳው ብርሃን አሳለፈ።

አንድ ጊዜ ይሳሳታል ሰው፣ ደግሜ ለካሁ። ደግሜ። ሦስቴ። ሦስት ቀያይ ወረቀቶች ጠረጴዛው ላይ። ደብተሬን ከፍቼ ቀኑን ጻፍኩ፣ የራስ ቁር፣ አናት፣ ብዬ ጻፍኩ፣ ቁጥሩ የሚገባበት ቦታ ላይ ስደርስ እስክሪብቶውን ከደንኩት። በሕይወቴ ለክቼ ያልጻፍኩት ቁጥር ያ ብቻ ነው።

አሁን የታጨቀው ኮት። እጅህን አንሳ። ክብደቱ ትከሻው ላይ ሲያርፍ ሌሼክ ይተነፍሳል፣ ይሸታል፣ ላብና የበግ ጠጉርና ጭስ፣ የሱ ሽታ ነው፣ ልጆች ሆነን አንድ አልጋ ላይ ስንተኛ የነበረው ሽታ፣ አሁን ጢም በቅሎበታል እንጂ ያው ነው። ይህን ኮት እኔ ነኝ የሰፋሁት፣ ሁለተኛው ነው። የመጀመሪያውን አላነሳም። አነሳለሁ፣ ሌላ ምን አደርጋለሁ፣ ሌሊት የማስበው እሱን አይደል። ባለፈው ሐምሌ መግቢያው ላይ የሚቆሙት ሁለቱ ሴቶች፣ ልብሱ በዘመኑ ወግ መሠራቱን የሚያዩት፣ ጫፉን ገልብጠው በጣታቸው ዳሰሱ፣ ዳሰሱና ቆሙ። ሁለት ስንዝር የመኪና ስፌት። ደክሞኝ ነበር፣ ማን ያያል ብዬ ነበር። አዝናለሁ ወንድሜ፣ በስድስት መቶ ዓመት ቀድመሃል አለችው አንዷ፣ በትሕትና ነው ያለችው፣ እና ሌሼክ ሙሉ ብረቱን እንደለበሰ ከገመዱ ውጭ ቆሞ ጦርነቱን አየ፣ ጎፍሬ የሚባል ጣፋጭ ቂጣ በክሬም ከሚበሉ ጎብኚዎች መካከል፣ አንድ ሰውዬ ትከሻውን አቅፎ ፎቶ ተነሳ። ዓመቱን ሙሉ ማቀዝቀዣ መጋዘን ውስጥ የአሳማ ግማሽ እየተሸከመ የሚጠብቃት አንዲት ቀን። አልተቆጣኝም፣ ቢቆጣኝ ይሻል ነበር፣ ባቡር ውስጥ በመስኮት እያየ ሁለት ስንዝር ያሬክ፣ አለ።

ስለዚህ ዘንድሮ ሁሉም በእጅ። ሁሉም። ጣቴ ጫፍ ላይ ያለው ቆዳ ተልጦ ሁለቴ ተተክቷል። ከዚያ ስፖንጁ ነበር፣ የራስ ቁሩ የቀድሞ ባለቤት ውስጡን በስፖንጅ ሞልቶት ነበር፣ አስቀያሚ፣ ቢጫ፣ ሙጫው የሚሸት፣ ሴቶቹ እጃቸውን ሲያስገቡ ወዲያው የሚያገኙት። በሰኔ በቢላ ፋቅኩት። በምትኩ በድሮው ወግ ከተልባ እግር ጨርቅ ገበር ሰፋሁለት፣ የፈረስ ጭራ ሞላሁበት፣ ስድስት ክንፍ፣ ክንፎቹ አናት ላይ በአንድ ገመድ የሚሰበሰቡ፣ ገመዱ ሲጠብቅ ራስን ከብረቱ አርቆ የሚያንጠለጥል። ያምራል። ዛሬ ጠዋት ሴትዮዋ እጇን አስገብታ ዳሰሰችና ይሄ የማን እጅ ነው አለች፣ ሌሼክ በኩራት ወደኔ ጠቆመ፣ እኔ ጫማዬን አየሁ። ክንፎቹን አንድ ጣት አስረዝሜ ነው የቆረጥኳቸው። አንድ ጣት። ገመዱ እስከ መጨረሻው ቢጠብቅም ገበሩ ወደ ላይ ተገፍቶ ብረቱ ላይ ይተኛል። ስፖንጁ አስቀያሚ ነበር ግን ሁለት ጣት ነበር።

አሥራ አራት።

ለምን አልነገርኩትም፣ ሐሙስ ልነግረው እችል ነበር፣ ስልኩን አንስቼ ነበር እኮ፣ ድምፁ ደስ ብሎት ነበር፣ ባቡር ጣቢያ እንጠብቅህ ወይስ ትመጣለህ፣ እመጣለሁ አልኩ። ገበሩን ፈትቶ ክንፎቹን አሳጥሮ መልሶ መስፋት ሦስት ቀን ነው፣ ያለን አንድ ቀን ተኩል ነበር። ዓርብ እነግረዋለሁ አልኩ፣ ዓርብ ድንኳን ስንተክል ነበር፣ ሰው ነበረ። ሰው ሁልጊዜ አለ። ምናልባት ምንም አይሆንም፣ ስንቱ ሰው ስንት ዓመት በባሰ ነገር ሲገባ ኖሯል፣ መሣሪያው ሁሉ ዱልዱም ነው፣ መውጋት ክልክል ነው። መምታት ግን ክልክል አይደለም። ነጭ ካባዎቹ ዘንድሮ ረጅም እጀታ ያላቸውን መጥረቢያዎች ከፊት ሊያሰልፉ ነው፣ ትናንት ሲለማመዱ አይቻቸዋለሁ፣ አንዱ በር የሚያህል ነው፣ መጥረቢያውን በሁለት እጁ ከጀርባው አንስቶ እንጨት እንደሚፈልጥ ወደ ታች ያወርደዋል። ወደ ታች። አናት ላይ። ሌሼክ ደግሞ ከሁሉም ረጅሙ ነው።

ዛሬ ምን ሆነሃል ይላል። ምን። ያንኑ ቋጠሮ ሁለቴ ፈታኸው። ቁርስ አልበላሁም እላለሁ። አንተ እኮ እኔ ልዋጋ አንተ ትሞታለህ ይላል፣ እና በታጨቀው ኮት በወፈረው ክንዱ ጭንቅላቴን ይወዘውዛል፣ በቀስታ ነው፣ ግን ሸካራው ጨርቅ ጆሮዬን ያመኛል።

የሰንሰለት ጥሩሩ፣ ደረቱ፣ ክንዶቹ። ዘጠኝ። ሰባት። የክንዱ ቋጠሮ ከትከሻው ኋላ ነው፣ ለባሹ ራሱ አይደርስበትም፣ ለዚህ ነው ሰው የሚያስፈልገው። ከሜዳው ከበሮ እየተሞከረ ነው፣ ዱም፣ ይቆማል፣ ዱም። አሁን ልበለው፣ ሌሼክ፣ ስማኝ፣ አንድ ነገር። ሌሼክ። አቤት። ምንም፣ ክንድህን ዝቅ አድርግ። አምስት።

አራት።

ፓን ኦኑፍሪ፣ ፓን እኛ ጋ አቶ ማለት ነው፣ እየመጡ ነው። የእንጨት መዶሻው በእጃቸው ነው። የማኅበራችን አለቃ ናቸው፣ ሰባ ሁለት ዓመታቸው ነው፣ ሠላሳ ዓመት ባቡር ጣቢያ የቆመ ባቡር ጎን ለጎን እየሄዱ የብረት መንኮራኩሩን በመዶሻ እየመቱ ያዳመጡ ሰው፣ ደህናው ይጮሃል፣ የተሰነጠቀው ያጉረመርማል ይሉናል፣ ደንቡንም ያመጡት እሳቸው ናቸው፣ በሌላ ማኅበር የለም። የራስ ቁር መጀመሪያ የሚደፋው የሚዋጋው ሰው አይደለም፣ ያለበሰው ሰው ነው። ያለበሰው ሰው ደፍቶት ይቆማል፣ የት ልምታ ይሉታል፣ በጣቱ ያሳያል፣ ይመቱታል። ቆሞ ከቀረ የራስ ቁሩ ይገባል። ሁሉም ጎኑን ነው የሚያሳየው፣ ከጆሮ ከፍ ብሎ፣ ከዓመት ዓመት ጎኑን፣ ልማድ ሆኗል፣ አሁን አሁን ሳይጠይቁም እዚያው ነው የሚመቱት። የኔ ገበር ጎኑ ላይ ወፍራም ነው። ጎኑን ባሳይ ያልፋል። ይህን ሐሙስም አውቄው ነበር። በጣም የሚያስፈራኝ ይሄ ነው፣ ሰሙን በጣቴ ይዤ መጀመሪያ ያሰብኩት ጎኑን ባሳይ ያልፋል የሚለውን ነው።

አንድ። የአንገቱ። አለቀ።

ማነው ያለበሰው ይላሉ ፓን ኦኑፍሪ፣ እያወቁ፣ አጠያየቁ እንደዚያ ነው። እኔ ነኝ ፓን ኦኑፍሪ። እንግዲያው አንተ ቅመሰው። ሌሎቹ ይስቃሉ፣ አንዱ ጥርሱን ጠብቁለት፣ የሥራ ዕቃው ነው ይላል። የራስ ቁሩን አነሳዋለሁ፣ ፀሐዩ አግሎታል፣ እደፋዋለሁ።

ጨለማ። ዘይትና የፈረስ ጠጉር። የራሴ ትንፋሽ ተመልሶ ፊቴ ላይ። በመሰንጠቂያው የሚታየኝ የሌሼክ ጉልበት ብቻ ነው፣ ግራው ጥሩ ታስሯል፣ ቀኙም። አንገቴን ቀና ሳደርግ አናቴ ላይ ይሰማኛል፣ ጨርቁ፣ ከጨርቁ በላይ ወዲያው ብረቱ፣ መካከሉ የለም። የት፣ ይላሉ ፓን ኦኑፍሪ፣ ድምፃቸው ከሩቅ ነው። እጄ ይነሳል። ጎኑን፣ ጎኑን አሳያቸው፣ ነገ እንፈታዋለን፣ ሌላ ዓመት፣ በር የሚያህለው ሰውዬ ሌላ ሰው ያገኛል፣ ሌሼክ ጎበዝ ነው ይሸሻል፣ ሌሼክ መቼ ሸሽቶ ያውቃል። ጣቴ ጆሮዬ ጋ ደረሰ። አልቆመም። ጣቴ ነው እኔ አይደለሁም፣ ብረቱ ላይ ሲንሸራተት ይሰማኛል፣ ወደ ላይ፣ ወደ ላይ፣ ጫፉ ላይ።

ሳቁ ቆመ።

ምን እያደረግክ ነው ይላል ሌሼክ። እርግጠኛ ነህ ልጄ ይላሉ ፓን ኦኑፍሪ። በአዎንታ ራሴን እነቀንቃለሁ፣

ነጭ። ጥርሶቼ ተጋጩ፣ ምላሴን ነከስኩት፣ ጉልበቴ ሄደና ተመለሰ፣ አፌ ውስጥ ደም፣ ጆሮዬ ውስጥ ግን ጩኸት የለም፣ መጮህ ነበረበት፣ ዱብ ብቻ አለ፣ እንደ ጆንያ። አንድ ሽማግሌ በእንጨት። በአንድ እጁ።

ያጉረመርማል ይላሉ ፓን ኦኑፍሪ። የራስ ቁሩን ራሳቸው ያወልቁልኛል፣ ብርሃኑ ዓይኔን ይወጋኛል፣ ሁለት ጣታቸውን ከገበሩ በላይ ሊያስገቡ ይሞክራሉ፣ አይገባም፣ አንዱን ይሞክራሉ፣ አይገባም። ሌሼክን አያዩትም፣ እኔንም አያዩኝም፣ የራስ ቁሩን እንደ ሳህን ገልብጠው ይዘውታል። ይሄ ዛሬ አይገባም ይላሉ። ደግነቱ አሁን ታወቀ።

አሁን ታወቀ። አሁን ነው የታወቀው፣ ሁሉም እንደዚያ ነው የሚያስበው፣ ዝም ብል መዶሻው ነው ያገኘው፣ ዝም ብል ቀኑን ያተረፍኩ ሰው ነኝ፣ ሃልሽካ ከድስቱ ቀና ብላ እያየችን ነው፣ ማማሰያው በእጇ ቀጥ ብሎ። ሌሼክ አንድ እርምጃ ወደኔ ይመጣል፣ ብረቱ ይንኳኳል።

መቼ ነው ያወቅከው?

እንዴት፣ ማን ነገረው፣ ማንም አልነገረውም፣ ጣቴን አይቶ ነው፣ ሃያ አምስት ዓመት አብሮኝ ኖሯል፣ ሳላውቅ አናት እንደማላሳይ ያውቃል። ደሙን እውጣለሁ።

ሐሙስ።

ከበሮው ጀመረ፣ የእውነቱ፣ አያቆምም። ሌሎቹ ጋሻቸውን አንስተው ወደ ሜዳው ይወርዳሉ፣ ፓን ኦኑፍሪ የራስ ቁሩን ገለባው ላይ መልሰው ይከተሏቸዋል። ሌሼክ የአንገቱን ዘለበት ራሱ ይታገላል፣ በብረት ጓንት አይፈታም፣ ጓንቱን በጥርሱ ስቦ ይጥለዋል፣ ወደ ክንዱ ይዞራል፣ እጁን ወደ ኋላ ይልካል፣ አይደርስም፣ እንደገና ይልካል። አይደርስም። ሁለት ስንዝር ይለኛል ብዬ እጠብቃለሁ፣ አይልም። ከዚያ ቀስ ብሎ ጀርባውን ይሰጠኛል፣ ቀጥ ብሎ ይቆማል።

ቋጠሮዎቹን ጥሩ አድርጌ ነው ያሰርኳቸው፣ በጥፍሬ እገባለሁ፣ አንገቱ፣ አንድ፣ ትከሻው፣ ሁለት፣ ከታች ሰዉ ይጮሃል፣ ብረት ብረትን ያገኛል፣ ሦስት፣ ከኮቱ ሥር ጀርባው ወደ ላይ ይነሳል፣ ወደ ታች ይወርዳል፣ በንዴት ነው የሚተነፍሰው፣ በኃይል፣ ይተንፍስ፣ አራት፣ ይነሳል፣ ይወርዳል፣ አምስት፣