ባለቤት የሌለው ሣጥን

የእህቴ ባል የሚመሩት ማኅበር ቤት የሌላቸውን ሰዎች ይረዳል ይባላል። "ይባላል" ማለቴ፣ መጋዘኑን ዘጠኝ ዓመት የያዝኩት እኔ ስለሆንኩ ነው፤ ምን እንደገባና ምን እንደወጣ ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም። በአሁኑ ሰዓት መደርደሪያው ላይ አራት ካርቶን ከረቫት፣ ሁለት ካርቶን የፀሐይ መነጽርና አንድ ጆንያ ባለ ተረከዝ ጫማ አለ። ከረቫቱን የሰጠን የከሰረ ሱቅ ነው። ጎዳና ለሚያድር ሰው ከረቫት ምን ያደርግለታል ብዬ አንድ ቀን ብጠይቃቸው፣ "አንተ ደግሞ ማጣጣል ትወዳለህ!" አሉኝና ለራሳቸው ሦስት መርጠው ሄዱ። ጋሼ ነው የምላቸው። ሥራ ያስገቡኝ እሳቸው ናቸው፤ ሌላ ምን እላለሁ?

በየወሩ "ተግባራዊ የዕርዳታ መንገዶች" የሚባል ስብሰባ አለ። ስድስት ሰዎች ረጅሙን ጠረጴዛ ከበው የታሸገ ውሃ እየጠጡ "ተግባራዊ" የምትለዋን ቃል ይቀባበሏታል። ባለፈው ጊዜ ሁለት ሰዓት ተኩል የፈጀው፣ ባነሩ ላይ የጋሼ ፎቶ በግራ ይሁን በቀኝ የሚለው ክርክር ነበር። ከዚያው ሕንጻ ደረጃ ሥር የሚያድር አንድ አናጢ አለ። አሥራ አራት ደረጃ ወርዶ "ምን ቢደረግልህ ይሻላል?" ያለው ሰው ግን ከስድስቱ አንድም የለም።

እኔ ጠየቅኩት። ደግ ሆኜ አይምሰላችሁ፤ ደረጃው ሥር ባለው የመጋዘኔ በር ላይ ስለሚተኛ በየማለዳው ተሻግሬው መግባት ሰልችቶኝ ነው።

"ቀን ቀን ዕቃዬን የሚይዝልኝ ሰው ባገኝ" አለኝ።

"ሌላስ?"

"ሌላውንማ እኔው አውቅበታለሁ።"

ዕቃው አንድ የእንጨት ሣጥንና አንድ ጥቅል ብርድ ልብስ ነው። ሣጥኑ ውስጥ መጋዝ፣ መላጊያ፣ መሮና መዶሻ አለ። ትቶት ቢሄድ ይሰረቃል። ተሸክሞ ሥራ ሊጠይቅ ቢሄድ ደግሞ ብርድ ልብሱን ያዩና ከበር ይመልሱታል። ነገሩ ይኸው ነበር። ሁለቱንም ከመደርደሪያው ሥር አስገባሁለትና፣ ሣጥኑ ላይ "ባለቤቱ ቤት የሌለው አናጢ" ብዬ ወረቀት ለጠፍኩበት።

ሁለት ሳምንት ሳይሞላው ሥራ አገኘ። የአንድ የቤት ዕቃ ማምረቻ ባለቤት፣ "ሰኞ ጠዋት መሣሪያህን ይዘህ ና፤ ሠርተህ አሳየኝ። ጓዝህን ግን እዚህ ይዘህብኝ እንዳትመጣ" ብሎታል። ይህን ሲነግረኝ ጥርሱን ለመጀመሪያ ጊዜ አየሁት።

ዓርብ ጥርሴን ልነቀል ፈቃድ ወጣሁ። ቅዳሜ የማኅበሩ የዕርዳታ ሥነ ሥርዓት ነበር። አዳራሽ ስገባ ያ ሣጥን መድረኩ ላይ ጉብ ብሏል! በዘይት ተወልውሏል፣ የማኅበሩ ምልክት ተለጥፎበታል። በሌለሁበት በራሳቸው ቁልፍ ከፍተው ያወጡት ጋሼ ናቸው። ያበጠ ጉንጬን ይዤ ጆሯቸው ሥር ደረስኩ።

"ጋሼ፣ ያ ሣጥን እኮ ሰው አለው።"

"የምን ሰው? ባለቤት የሌለው ብለህ የጻፍከው አንተ ራስህ ነህ።"

"ባለቤቱ ቤት የሌለው ነው ያልኩት።"

"ያው አይደል እንዴ? ቤት የሌለው ሰው በየት በኩል ባለቤት ይሆናል?" አሉና ከረቫታቸውን አስተካከሉ። ከካርቶኑ የመረጡት ነው፣ ቀዩ።

"ሰኞ ሥራ ይገባበታል። ይመልሱለት እንጂ!"

"አገኘሁት! ለራሱ እንሰጠዋለን። ተግባራዊ ማለት ይኼ አይደል?"

እዚያው ማይኩን ቀምቼ መናገር ነበረብኝ። ምላሴን ውጬ ወደ ወንበሬ ተመለስኩ። ጋሼን እንደምንቃቸው አትጠራጠሩ፤ ያን ቀን ግን ከሁሉ የናቅኩት ራሴን ነው።

"የሥራ መሣሪያ ድጋፍ!" ተባለና አናጢው ከደረጃው ሥር ተጠርቶ መጣ። ሣጥኑን አየ፤ ጋሼን አየ፤ ከዚያ እኔን ፈለገኝ። እኔ ጫማዬን እያየሁ ነበር። ጋሼ ፎቶ አንሺው እስኪጨርስ እጀታውን አልለቅም ብለው፣ "ፈገግ በል እንጂ!" ይሉታል። በመጨረሻ ሲለቁለት ክዳኑን ከፈተና ወደ ማይኩ ጎንበስ አለ።

"የአባቴ ስም ይኸው እዚህ ውስጥ ተቀርጿል" አለ።

አሁን ጉዱ ወጣ ስል፣ ፊት የተቀመጡ አንዲት ሴትዮ፣ "ውይ! የአባቱን ስም ሳይቀር አስቀርጸውለት!" ብለው ጮኹ። ጭብጨባው ጣሪያውን ሊያነሳው ደረሰ። ጋሼ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው እጅ ነሱ። እህቴ አለቀሰች። የሰው ወርቅ አያደምቅ ይላሉ፤ የሰው መጋዝ ግን ጋሼን ምን የመሰለ አደመቃቸው።

የርክክብ ፎርሙን ይዤለት የቀረብኩት እኔው ነኝ። "ተረክቤአለሁ" ከሚለው ፊት "የራሴን" ብሎ ጨመረና ፈረመ። ፎርም የሚያነብ ሰው እዚያ ስለሌለ እስከዛሬ አልታወቀም።

ሥነ ሥርዓቱ እንዳበቃ ጋሼ ትእዛዝ ሰጡኝ። "ከእንግዲህ የግል ዕቃ መጋዘን እንዳይገባ። የድሆች መብት ነው የምታጣብበው።"

ሰኞ ማለዳ አናጢው ሣጥኑን ትከሻው ላይ፣ ብርድ ልብሱን ብብቱ ሥር ይዞ በሬ ላይ ቆመ።

"ይህንንስ?" አለኝ ጥቅሉን እያሳየኝ።

ትእዛዙን ነገርኩት።

"ቅዳሜ ጫማህን ስታይ ነበር። ዛሬስ ምን ልታይ ነው?"

ሰዓቱ እየሄደ ነው፤ ጥቅሉን ይዞ ከሄደ ከበር ይመለሳል። ከእጁ ነጠቅኩና "ሂድ፣ እንዳትዘገይ!" ብዬ ሰደድኩት። መጋዘን አልገባሁም፤ ትእዛዝ አክባሪ ነኝ። ደረጃውን ወጥቼ የጋሼን ቢሮ ከፈትኩ። አቧራውን የማራግፈው እኔ ስለሆንኩ ቁልፉ ከእኔ ጋር ነው። ትልቅ የቆዳ ወንበር አላቸው፣ ላስቲኩ እንኳ ያልተገፈፈ፤ ዓመቱን ሙሉ የሚቀመጡበት ፎቶ ሲነሱ ነው። ብርድ ልብሱን እዚያ ላይ አስቀመጥኩና ወረቀት ለጠፍኩበት። በዚህኛው ማንም እንዳይሳሳት በትልቁ "ባለቤት አለው" ብዬ ጻፍኩ።

አናጢው በሥራው ላይ ነው። ማታ ማታ መጥቶ ጥቅሉን ይወስዳል፣ ጠዋት ይመልሳል። ሦስት ሳምንት አለፈ፣ ጠያቂ የለም። እዚያ ወንበር ላይ ለሰው የሚጠቅም ነገር ሲቀመጥ ይህ የመጀመሪያው ነው።